ለኩርፊያ የሚሆን እንግሊዝኛ

ሶፋ ሰሪው በሰፈሩ የሚታወቀው «ስፖንጅ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣለት ከጠዋት እስከ ማታ ስፖንጅ ሲቆርጥ ስለሚውል ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ ሲጫኑት እሺ የሚል፣ ሲለቁት ደግሞ ተመልሶ እዚያው የሚገኝ ፍጡር ስለሆነ ነው። ሚስቱ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች። እሱ ምስማር ይመታል፣ እሷ ትሰፋለች፤ እንዲህ እያሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሠርተው ልጃቸውን ለቁም ነገር አበቁ።

አሁን ግን ተኳርፈዋል። ተኳርፈዋል ስላችሁ ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሁለተኛ ሳምንቱን የያዘ፣ የበሰለ ኩርፊያ ነው። ሥራው መቼም አይቆምም፤ መነጋገር ግድ ሲሆን ከዕቃው ጋር ያወራሉ። እሷ መቀስ ስትፈልግ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «መቀሱን የወሰደ ሰው ቢመልሰው ምናለበት?» ትላለች። እሱ ደግሞ መዶሻውን እያየ፣ «እዚሁ አለ እኮ፣ ዓይን ላለው» ይላል። ደንበኛ ሲገባ ሁለቱም ፈገግ፣ ደንበኛ ሲወጣ ሁለቱም ጭጭ።

ጠቡ የመጣው በስፌት መኪና ነው። ሚስትየው ዕድሜዋን ሙሉ የምትሰፋው በእግር በሚረገጥ አሮጌ መኪና ነበር። ስፖንጅ አንድ ቀን ብድግ አለና ሳያማክራት መኪናውን መንገድ ዳር ለሚሠራው ጫማ ሰፊ ሸጦ፣ በቦታው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና፣ ያውም በቀይ ሪባን አስሮ አቆመላት። በደስታ ትዘላለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ሪባኑን አየች፣ መኪናውን አየች፣ ሻርፗን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም። «ሰው አዲስ ዕቃ ተገዛልኝ ብሎ ይቆጣል?» እያለ ለመዶሻው ስሞታ ያቀርባል። መዶሻው ምን ይበለው?

ይህም ባልከፋ። ስፖንጅ ኩርፊያ ያውቃል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰኞ ዕለት ግን ሚስቱ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችና በሩ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ለሶፋው፣ «ቅዳሜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። መመለሴን እንጃ» ብላ ነገረችው። እህትየው ያለችው ሩቅ ከተማ ነው፤ ስፖንጅን ደግሞ ድሮም ዓይኑን ማየት አትፈልግም።

እንዲህም ሆኖ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሁለቱም እንግሊዝኛ ትምህርት ሄዱ። ልጃቸው ሊያገባት ያሰባት ልጅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ስለማትሰማ፣ ከምራታችን ጋር ዲዳ ሆነን አንቀርም ብለው ገና በደጉ ጊዜ አብረው ተመዝግበው ነበር። አሁን ደግሞ ማን ይቅር? «እኔ ለምን እቀራለሁ፣ እሱ ይቅር!» እሷ በልቧ፤ እሱም እንደዚያው። መቀመጫ መለወጥም መሸነፍ ስለሆነ፣ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ግን ወዲያና ወዲህ አዙረው ተቀመጡ።

ክፍሉ ቀን ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ነው። ወንበሮቹ ከጉልበት አያልፉም፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ይመጣል። መምህሯ ልጅ እግር ናት፤ ሁሉም «ቲቸር» ይሏታል። ሕጓ አንድ ነው፦ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ። ሕግ የጣሰ መጨረሻ ላይ ሰሌዳ ያጸዳል።

የዕለቱ ትምህርት ስሜት ነበር። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ፊቶች ሣለች። የሚስቀው ፊት ሃፒ፣ ያዘነው ሳድ፣ ቅንድቡን የሰበሰበው አንግሪ፣ ዓይኑን ያፈጠጠው ፈሪ ስኬርድ፣ የሚያዛጋው ታየርድ። ተማሪው አብሮ እየጮኸ አጠናቸው።

ስፖንጅ ፊቶቹን አንድ በአንድ መረመረ። ከጎኑ ያለውን ፊት የሚመስል አጣ። እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ለኩርፊያስ? ኩርፊያ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ሰሌዳ!» ብሎ ጮኸ ክፍሉ። ቅጣቱ መሆኑ ነው።

ቲቸር ግን አሰበች። ጠመኔዋን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየችና እሷም ሕጓን ጣሰች። «ቃሉስ አለ፣ ግን ዛሬ ከያዝናቸው ውስጥ አይደለም።»

«እንዴ!» አለ ከኋላ የተቀመጠው ታክሲ ነጂ። «ትዳርን ያህል ነገር እያለ ኩርፊያ ወደ ኋላ ይቆያል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሚስትየው ትከሻ ብቻ አልተነቃነቀም።

«ለጊዜው ከእነዚህ ምረጥ» አለችው ቲቸር። «ያኮረፈ ሰው ውስጡ ሲገለጥ ከእነዚህ አንዱ አይጠፋም። በሉ፣ ሁለት ሁለት ሁኑና ተጠያየቁ! ስፖንጅ፣ አንተ ጀምር።»

ስፖንጅ ወደ ሚስቱ ዞረ። ስንት ቀኑ ነው ፊቷን ፊት ለፊት ካየ! «ሃው ዱ ዩ ፊል?» አላት፤ ምን ይሰማሻል ማለቱ ነው። መልሷን ሳይጠብቅ ራሱ መለሰ፤ መቼም ከእሱ በላይ የሚያውቃት የለ። ጣቱን ወደ ተቆጣው ፊት ቀስሮ፣ «ሺ ኢዝ አንግሪ!» ብሎ ለክፍሉ አሳወቀ።

«ኖ» አለች ሚስቱ።

ስፖንጅ ክው አለ። አናገረችው! ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን አናገረችው።

«ኖት አንግሪ» አለች። ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ ራሱ ወደ ስፖንጅ አየች። «አይ አም ሳድ።»

«ዋይ?» አለች ቲቸር ቀስ ብላ፤ ለምን?

ሚስትየው ቃል ፈለገች። እንደልቧ የምትናገርበት ቋንቋ ቢሆን ኖሮ «ተወው፣ ምንም» ብላ ታልፈው ነበር። እዚህ ግን መሸሻ የሚሆን ቃል ገና አልተማረችም። «ማሽን» አለች። «ማይ ማዘር ማሽን።» የእናቴ መኪና ማለቷ ነው። ከዚያ መዳፏን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችና፣ የስፌት መኪና መዘውር እንደምታዞር ሁሉ ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰቻት። «ማይ ማዘር ሃንድ። ዜር።» የእናቴ እጅ፣ እዚያ።

ስፖንጅ መዘውሩ ትዝ አለው። ቀለሙ በአንድ በኩል ብቻ ለቆ ብረቱ ያበራ ነበር፤ የአማቱ መዳፍ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ነው። ሚስቱም ልጅ ሆና ስፌት የተማረችው እጇን እዚያው፣ ከእናቷ እጅ ሥር አድርጋ ነው። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። አውቆም ሸጠው! አፈር ልብላ፣ አለ በልቡ።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። በለመደው ቋንቋ ቢሆን ስንቱን በደረደረ ነበር፦ እኮ ላንቺ ብዬ፣ እኮ እግርሽን እንዳያምሽ፣ እኮ ማን ያውቃል ብሎ። ሰበብ ግን ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ ሰውየው ያለው ሰሌዳው ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰሌዳውን አየና ዓይኑን ያፈጠጠው ፊት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አይ አም ስኬርድ» አለ። ፈርቻለሁ።

«ዋይ?» አለችው። አሁን የጠየቀችው ቲቸር ሳትሆን ሚስቱ ናት።

«ሳተርደይ።» ቅዳሜ።

ሌላው ተማሪ ምኑም አልገባውም። የሚስትየው ዓይን ግን እንባ አቀረረ፤ ቶሎ ብላ ፊቷን አዞረች። ስፖንጅ ሰሌዳውን እያጸዳ ሳለ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች፤ ሻንጣውም ከበሩ አልተነሣም።

በነጋታው ስፖንጅ ማልዶ ጫማ ሰፊው ዘንድ ከተፍ አለ። «ገንዘብህን እመልስልሃለሁ፣ መኪናውን መልስልኝ።»

«ሞኝህን ፈልግ!» አለው ጫማ ሰፊው። «ቆዳውን እንደ ቅቤ ነው የሚበሳልኝ።»

«አዲሱን ኤሌክትሪክ ልስጥህ?»

«ምን ላይ ልሰካው? እዚህ ዛፍ ላይ?»

ስፖንጅ ሊለምነው ጎንበስ ሲል፣ ጫማ ሰፊው የተቀመጠበትን አየ። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ በላዩ አሮጌ ካርቶን ጣል ተደርጎበታል። የሶፋ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል?

ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲሠራ ዋለ። ለትልቅ ደንበኛ ያስቀመጠውን ወፍራም ስፖንጅ ቆረጠ፣ ምርጡን ቆዳ አወጣ። ስፌት ግን አይችልም። ስፊልኝ እንዳይላት ኩርፊያው አለ፤ ስለዚህ አዲሱ መኪና ላይ ራሱ ተቀምጦ ቆዳውን አጣመመው፣ ክሩን በጠሰው፣ ጣቱን ወጋ። ሚስቱ ከሥራዋ ቀና እያለች ታያለች። አላስችል አላት። «ምነው ያን የመሰለ ቆዳ፣ ምን በደለ?» አለች ለግድግዳው። ስፖንጅ ስፌቱን ቀጠለ። ለማን እንደሚሠራ ለመዶሻውም አልነገረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስትየው ሻንጣዋን አንሥታ በሩን ስትከፍት፣ ስፖንጅ ላብ በላብ ሆኖ ጋሪ እየገፋ መጣ። ጋሪው ላይ አሮጌው መኪና አለ፣ ከነፔዳሉ። ጫማ ሰፊው ወንበሩ ላይ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ «ውሰድ፣ ውሰድ፣ ብቻ ከዚህ አታስነሣኝ» ብሎት ነበር።

መኪናውን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ አዲሱን ገፋ አድርጎ፣ ቦታው ላይ አቆመው።

ሚስትየው ሻንጣውን አስቀመጠች። ተጠጋች። መዳፏን መዘውሩ ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ አሳረፈች። ስፖንጅ ፈራ ተባ እያለ፣ «ሃው ዱ ዩ ፊል?» አላት።

«ሳዱ አልቋል» አለች። ዓይኗን ጠረገችና ዞር አለች፤ ወደ ግድግዳው አይደለም፣ ወደ ሶፋው አይደለም፣ ወደ እሱ። «አሁን ገና አንግሪው መጣልኝ! ና ተቀመጥ፣ አንተ ሰውዬ! የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው? ሪባን ማሰርህስ? ያውም ቀይ! ቆይ፣ ጥያቄ አለኝ፣ ያ ቆዳ…»

ስፖንጅ ሻንጣውን ሹልክ አድርጎ ወደ አልጋው ሥር መለሰውና መጥቶ ተቀመጠ። እስከ ምሳ ሰዓት ወረደችበት። እሱ ጥርሱን መሰብሰብ አቃተው፤ «ምን ያስቅሃል?» ስትለው ባሰበት። ለእህቷ የደወለችው ገና ተግሳጹ ሳያልቅ ነው። «ዛሬ አልመጣም» አለቻት በአንድ እጇ አሮጌው መኪና ላይ ክር እያስገባች። «እየተነጋገርን ነው።»