ባዶ ጎል ትቶ የተመለሰው

አልማዝ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ አንዱ ግድግዳውን፣ ሌላው መስኮቱን ተደግፎ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ግድግዳው ሥር የሚቀመጡት፣ ኳስ ማለት ሰው ማለፍ ነው የሚሉት አብዶኞቹ ናቸው። መስኮቱ ሥር ደግሞ፣ የለም ለጓደኛ መስጠት ነው የሚሉት አቀባዮቹ። ደንብ ያወጣላቸው የለም፤ ነገር ግን እሁድ ከሰዓት አንድ ሰው ተሳስቶ የማይገባው ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በሴቶች በር እንደገባ ወንድ ነበር የሚታየው።

የሚያጣላቸው በላይነህ ነው። በላይነህ በጃንሆይ ጊዜ ለሐይቅ ዳር ቡድን ሲጫወት፣ ኳስ አንዴ እግሩ ሥር ከገባች የምትወጣው ዳኛው ሲነፋ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ያልፋል፤ ሁለት ያልፋል፤ ሦስተኛውን ሲጨርስ የመጀመሪያው ቅር እንዳይለው ተመልሶ ደግሞ እሱን ያልፈዋል። አዋሳን ለቆ ከሄደ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ነጌሌ የጭነት መኪና ይነዳል የሚሉ አሉ፤ ሞቷል የሚሉም አሉ። አልማዝ ቤት ግን በየሳምንቱ ይጫወታል።

«እንደሱ ያለ እግር እናት ሁለተኛ አልወለደችም!» ይላል የአብዶኞቹ አለቃ፣ አናጢው ታደሰ።

«እግሩን መቼ ነሣሁት፤ ዓይን አልነበረውም ነው የምልህ። አጠገቡ የቆመ ጓደኛው ሞቶ ቢወድቅ ለቅሶ አይደርስም፤ መቼ አይቶት!» ይላል ይልማ። ይልማ የድሮው የገበያ ቡድን በረኛ ነው፤ አቀባዮቹን እሱ ይመራል።

በሁለቱም ወንበር የማይቀመጥ አንድ ሰው አለ፤ ግዛቸው። እሱ ሻዩን በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠጣል። የሚቆመውም ወዶ አይደለም፤ ከተቀመጠ ይስቁበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ዳርና ገበያ ለዋንጫ የተጋጠሙ ዕለት፣ ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል በላይነህ ኳሷን ከመሃል ሜዳ ይዞ ተነሣ። ያገኘውን ሁሉ አለፈ። የገበያ ተከላካይ የነበረውን ግዛቸውን በግራ ሄድኩ ብሎ በቀኝ ሲሄድበት፣ የግዛቸው ሁለት እግሮች መስማማት አቃታቸውና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። በረኛው ይልማም ጭቃው ላይ ተዘረረ። ጎሉ ባዶ ቀረ። በላይነህ ኳሷን መስመሩ ላይ አቆማት። ዞር ብሎ አየ፤ ግዛቸው እንደተቀመጠ ነው። ታዲያ ያ የልጅ እብድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ጎል ትቶ፣ የተቀመጠ ሰው ሊያልፍ ተመልሶ መጣ! ግዛቸው እንደተቀመጠ እግሩን ዘረጋ፤ ኳሷን በተረከዙ ነጠቀና ለጓደኛው ላካት። ጓደኛው ይዞ ከነፈ፤ አገባ። ገበያ ዋንጫውን በላ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ዋንጫውን ያመጣው ማነው? የአዋሳ ሰው ግን ከዚያ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጡን። በማግስቱ «ግዛቸው በርጩማ» ተባለ። ባንክ ቤት የሚሠሩት፣ የሚያስተምሩት፣ ከረባት የሚያስሩት ሁሉ ስሙን ረስተው በርጩማን አልረሱም። የተማረ ሰው ጠባዩ ይኸው ነው፤ የደሃን ሙያ ይረሳል፣ የደሃን ውድቀት በቃሉ ይይዛል። ሲያገባ የሠርግ ዘፈን ውስጥ ከተቱት። ወንጌላዊት የምትባለው ልጁ ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ «የበርጩማ ልጅ» ብለዋት፣ ቤት መጥታ «አባዬ፣ ድሮ አናጢ ነበርክ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ያንን ሌሊት ግዛቸው አልተኛም። አሁን በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር መዛኝ ነው፤ ሰው ኩፖኑን ሲሰጠው እንኳ «በርጩማ፣ እጅህን ከሚዛኑ አንሣ» ይለዋል።

«ኳሷን ማን ነጠቀ? አንተ በረኛ ነበርክ፤ አንተ መስክር» ብሎ ይልማን ስንቴ ለምኖታል።

«ኳሷ እግርህን መታችው እንጂ አንተ መቼ ኳሷን መታሃት» ይለዋል ይልማ። በዋንጫው ሲጠጣ ግን የመጀመሪያው እሱ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ቀበሌው ለአብዮት በዓል የእግር ኳስ ውድድር እንደሚያካሂድ ተነገረ። ታደሰ ዋንጫውን ከዋንዛ እንጨት እጠርባለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ጠረበም። ከዚያ አንድ እሁድ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣና፣

«ዋንጫው ላይ የበላይነህን ስም ልቀርጽ ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ» አለ።

ግዛቸውን ሻዩ ትን አለው። አፍ ያወራውን ንፋስ ይወስደዋል፤ ዋንዛ ላይ የተቀረጸን ማን ይወስደዋል? በየዓመቱ ዋንጫው በወጣ ቁጥር ጨቅላው ሁሉ «በላይነህ ማነው?» ይላል። «አንድ ሰውዬ ነበር፣ ያንን በርጩማ…» ይሉታል። የወንጌላዊት ልጅ ሳትቀር የበርጩማ የልጅ ልጅ ልትባል ነው!

ስብሰባው ዕለት ግዛቸው ፊት ተቀመጠ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ኃይለሚካኤል አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ የመጣ፣ ድንጋይ ብታሳየው መደቡን የሚነግርህ ልጅ ነው። ታደሰ ስለ በላይነህ እግር ተናግሮ ሲጨርስ ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ያን ጊዜ ግዛቸው ግራ እጁን አወጣ። በየሰኞው የውይይት ክበብ እያንቀላፋ የሰማው ቃል ሁሉ፣ እንደ ክፉ ቀን እህል ከጎተራው ወጣ።

«ጓዶች! ይህ ሰው ኳስን የግል ንብረቱ ያደረገ ሰው ነው! አሥር ሰው በላቡ አምጥቶ የሰጠውን ኳስ አንዱ ብቻውን ሲበላው ምን ይባላል? መሬት ለአራሹ ከሆነ፣ ኳስም ለአሥራ አንዱ ነው!»

ጓድ ኃይለሚካኤል መነጽሩን አወለቀ።

«ይቀጥሉ፣ ጓድ።»

«ጨርሻለሁ» አለ ግዛቸው፤ እውነትም ያለው ቃል አልቆ ነበር።

«ጓድ ኃይለሚካኤል፣» አለ ታደሰ እየተርበተበተ፣ «ያኔ እኮ አብዮቱ አልፈነዳም ነበር። ሰውየው በምን ይወቀው?»

«ሳያውቅም ቢሆን መደቡ ያውቅለታል!» አለ ኃይለሚካኤል። «አብዶ ምንድን ነው? ሳያመርቱ መንቀሳቀስ ነው። ንዑስ ከበርቴያዊ መወላወል ነው። ግለኝነት ይውደም!»

«ይውደም!» አለ አዳራሹ። ታደሰም አብሮ እጁን አነሣ፤ ምን ያድርግ።

ግዛቸው ደረቱ ሰፋ። ሃያ ዓመት ያቃተው ነገር በአንድ እጅ ማውጣት አለቀ! ይህኔ ቁጭ ብሎ ዝም ቢል እኮ ደህና ነበር። ሰው ግን ሲያሸንፍ ማቆሚያውን አያውቅም።

«ደግሞም» አለ እንደገና ተነሥቶ፣ «ይህንን ግለኛ ሰው ያስቆምኩት እኔ ነኝ!»

ካድሬው ዓይኑ በራ። «እርስዎ? እንዴት አድርገው?»

«ኳሷን በተረከዜ ነጠቅሁት።»

«ቆመው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ኳሷን ነጠቅሁ ነው የምልዎ።»

«እሱን እንመጣበታለን። መጀመሪያ ግን ጣለዎት ወይስ አልጣለዎትም?»

«…ጣለኝ።»

«ይመዝገብ!» አለ ኃይለሚካኤል እየተቅበጠበጠ። «ጓዶች፣ ይኸውላችሁ! ግለኝነት ሲጋልብ መሬት ላይ የሚወድቀው ማነው? ጭቁኑ ነው! ይህ ዋንጫ የጨቋኙን ስም አይሸከምም። የጭቁኑ ተከላካይ ዋንጫ ይባላል! ወጣት ማኅበሩም በበዓሉ ዕለት አወዳደቁን በትርኢት ያሳያል። ጭቁኑን ጓድ ግዛቸው ራሳቸው ይሠራሉ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ይልማ ነበር።

ማታ ሚስቱ ታቢታ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። የተወለደችው ከአዋሳ አለፍ ብሎ ቱላ ነው፤ ቃል አታባክንም።

«ቆይ፣» አለች፣ «እስከ ዛሬ ያሾፉብህ በነጻ ነበር። አሁን በመመሪያ አደረግኸው ማለት ነው?»

እምቢ እንዳይል በአቋም መግለጫ ወጥቷል። በዚያ ዘመን ደግሞ የአቋም መግለጫን እምቢ ያለ ሰው አወዳደቁ በትርኢት አይደለም።

የበዓሉ ዕለት ሜዳው ዙሪያውን ጢም ብሎ ሞላ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ የሐይቁን ዓሣ ትተው ከጎሉ ጀርባ እንደ መስመር ዳኛ ተሰልፈዋል። ግዛቸው ደረቱ ላይ «ጭቁን» የሚል ካርቶን ተለጥፎለታል። በላይነህን የሚሠራው የወጣት ማኅበሩ አጥቂ አምሳሉ ነው። ልጁ እግር ነበረው፤ ነገር ግን ጓድ ኃይለሚካኤል ግለኝነት ያለ ቦርጭ አይታይም ብሎ ሆዱ ላይ ትራስ አሳስሮታል፤ ከረባትና ባርኔጣም ጨምሮለታል። በረኛው ራሱ ይልማ ነው፤ እንዲወድቅ ተነግሮታል፤ መውደቁን እንኳ ከመውደድ በላይ ነው የወደደው።

«ጀምሩ!» አለ ካድሬው በድምፅ ማጉያው።

አምሳሉ ኳሷን እየገፋ መጣ። ይልማ ጊዜው ሳይደርስ ከሩቁ ወድቆ ጎሉን ለቀቀ። አምሳሉ ወደ ግራ አልኩ ብሎ ወደ ቀኝ ሊል ሲል፣ ትራሱ ወደ ግራ እንደሄደ ቀረ። ከረባቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ ግዛቸው እግር ሥር መጥታ ቆመች።

ግዛቸው አያት። መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም።

ኳሷን ይዞ ሄደ! ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ካርቶኑ ደረቱ ላይ እየተርገበገበ፣ በጭቃው ላይ ወደ ባዶው ጎል ሄደ።

«ጓድ ግዛቸው! ይውደቁ! ታሪክ አያበላሹ!» ይጮኻል ማጉያው።

«አግባው!» ይላል ታደሰ ከአጥሩ በኩል። «አንተ በርጩማ፣ አግባው!»

መስመሩ ላይ ሲደርስ ኳሷን አቆማት። ጎሉ ባዶ ነው። ቢያገባ አንድ ጭብጨባ ነው፤ አለቀ። ነገ አልማዝ ቤት «መታችው እንጂ መቼ መታት» ይሉታል። ዞር ብሎ አየ። አምሳሉ ትራሱን እያስተካከለ፣ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆሟል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ እሱን፣ ግዛቸውን ያያል። ባንክ ቤት የሚሠሩት አሉ። አስተማሪዎቹ አሉ። ወንጌላዊት አለች።

ተመለሰ።

በግራ አልኩ ብሎ በቀኝ ሄደ፤ አምሳሉ ከነትራሱ ተገለበጠ። ሜዳው ጮኸ። የጮኸው ግን «ግዛቸው!» ብሎ አልነበረም።

«በ-ላ-ይ-ነህ!»

ግዛቸው ይህንን ያለው ማነው ብሎ ለመሳደብ ዞረ። ኳሷ እግሩ ሥር ነበረች። የረገጣትም፣ ዘጭ ብሎ የተቀመጠውም በዚያችው ቅጽበት ነው።

«ታሪኩ ተስተካክሏል!» አለ ማጉያው በደስታ። «ጓዶች፣ እናጨብጭብ!»

በሚቀጥለው እሁድ ግዛቸው አልማዝ ቤት ላለመሄድ ምሎ ነበር። ከሰዓት ሲሆን ሰበብ ፈልጎ ሄደ። ከበሩ ገና ሳይደርስ የይልማ ድምፅ ተሰማው።

«ባዶ ጎል ትቶ! ስማኝ፣ ባዶ ጎል! እግሩን ቢያነሣ ትገባ ነበር እኮ! ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን ሰው?»

«አንተ በረኛ ነህ፤ ምን ይገባሃል!» ይላል ታደሰ ጠረጴዛ እየደበደበ። «ያልፈዋል ብለህ ጠብቀህ ነበር? ያንን ልጅ ከነትራሱ ሲገለብጠው አላየህም? አብዶ ማለት እሱ ነው!»

ግዛቸው በሩ ላይ ቆመ። ስለ በላይነህ መስሎት ነበር፤ ስለ እሱ ነው የሚጣሉት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ተሳስቀዋል እንጂ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም።

«ይልማ፣» አለ ገባ ብሎ፣ «ባዶ ጎልማ ማንም ያገባል።»

ከዚያ ግድግዳው ሥር ያሉት አብዶኞች እርስ በርስ ተገፋፍተው አንድ ሰው የምታስቀምጥ ቦታ አወጡ።

«በርጩማ፣ ና ወዲህ» አለው ታደሰ።

ስሙ ያው ነው፤ አልተለወጠም። አልማዝ ሻዩን ይዛ በሩ ጋ ስትፈልገው፣ ግዛቸውን ተቀምጦ አገኘችው፤ የሳቀም አልነበረም።