ከሐኪም ጋራ

አቶ ወርቁ ከአዲስ አበባ ኃላፊያችን ሆኖ ተሹሞ በመጣ በሳምንቱ የላቦራቶሪያችንን ወለል በቀይ ቀለም ለሁለት ከፈለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ከመስመሩ ወዲያ፣ መስኮቱ ያለበት፣ የተመራማሪዎች ሆነ፤ ወዲህ፣ የዕቃ ማጠቢያው ያለበት፣ የእኛ የሠራተኞቹ። በሩ ላይም በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ ከተመራማሪ ጋራ ካልሆነ በቀር መስመሩን አያልፍም።» ፊት ለፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እንደ ልቤ ልናገር።

ላቦራቶሪው ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጭ ነው። ኮሌጁና ሆስፒታሉ አንድ ላይ ስለሚሠሩበት ሐረር በሙሉ «የጋራ» ነው የሚለው። እኔ ጽጌሬዳ ቴክኒሽያን ነኝ። አባቴ «ይህቺ ልጅ ምላሷ ቀድሟት ተወለደ» ይላል፤ አልዋሸም። መስመሩ እስኪመጣ ድረስ የማን ጠረጴዛ የት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ማሞቂያውን ቀድሞ የከፈተ የሌላውንም ሳህን ይከትታል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያነባል፤ የተሳሳተ ይሰደባል፤ ተመራማሪም ቢሆን።

የዚያን ዓመት፣ በሃምሳ ስምንት፣ ትልቁ ሥራችን የአደም ውሃ ነበር። አደም የጁገል ልጅ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ ተመራማሪ። ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ ምንጭ የሚቀዳውን ውሃ የሚጠጡ የአቦከር ሰፈር ልጆች በየበጋው ሆዳቸውን ይታመማሉ፤ የእኅቱ የኸዲጃ ልጅ ለጥቂት ከሞት ተርፏል። ምክንያቱን ለማወቅ ምንጩ ሲሳሳ፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ መቅዳት ያስፈልጋል። አደም ይቀዳል፤ ውስጡ ያለው ጀርም አድጎ እንዲታይ ውሃውን ሳህን ላይ ዘርቼ ማሞቂያ ውስጥ የማሳድረው እኔ ነኝ። በጠርሙሶቹም ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ «ከሐኪም ጋራ የመጣ።»

ዓርብ ቀን አደም ለጁምዓ ሶላት ሄደ። እኔ ከመስመሩ ወዲህ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለሆስፒታሉ ደም እመረምራለሁ። አቶ ወርቁ መደርደሪያውን ሲጎበኝ ጠርሙሶቹን አገኘ። ከሐኪም ጋራ የመጣ! የትኛው ሐኪም? ስም የለውም። የሐኪሙ ስም ያልተጻፈበት የበሽተኛ ናሙና ተቀቅሎ ይደፋል የሚል የቆየ ደንብ ነበረን። እሱም ጠርሙሶቹን ለዕቃ አጣቢያችን ለእትዬ ለተማርያም ሰጣቸውና «ቀቅለሽ ድፊ» አላቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀቅለው ደፉ።

አደም ሲመለስ ጠርሙሶቹ ታጥበው፣ አፋቸው ተደፍቶ፣ ይንጠባጠባሉ። አንዱን አንሥቶ ውስጡን አየ። እኔ መስመሩን ረግጬ አልፌ «ማን ነው ይህን ያደረገ?» አልሁ።

«እኔ ነኝ ያዘዝሁ» አለ አቶ ወርቁ። «ከሐኪም ጋራ የመጣ ይላል። ከየትኛው ሐኪም ጋራ እንደመጣ አልተጻፈም።»

አደም ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀሰረ። «ያውልዎ ሐኪሙ» አለ። «እዚያ ተቀምጧል።»

አቶ ወርቁ ወደ ውጭ ተመለከተ። ሐኪም ጋራ እንደ ወትሮው ከከተማው በላይ ተጋድሟል። ሰውየው ከመጣ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ያየዋል፤ ስሙን ግን ማንንም አልጠየቀም። ያን ጊዜ ቢስቅ ኖሮ እኛም አብረነው ስቀን፣ ውሃውን እንደገና ቀድተን፣ ነገሩ ባለቀ ነበር። አልሳቀም።

«ጥፋቱ የጻፈችው ነው» አለ። «ከሐኪም ጋራ ተራራ ብላ መጻፍ ነበረባት።»

«ጋራ ማለት እኮ ተራራ ነው» አልሁት። «ከሐኪም ተራራ ተራራ ብዬ ልጻፍልዎ?»

እትዬ ለተማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። የአቶ ወርቁ ጆሮ ቀላ።

«ሰኞ ጠዋት» አለኝ፣ «በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ ጋዋንሽን አውልቀሽ ትሄጃለሽ።» ወደ አደም ዞረ። «አንተም ሌላ ውሃ ቅዳ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። ሠራተኛ ግን ይዘህ አትሄድም፤ የሠራተኛ ቦታው እዚህ ነው።»

ልዋሽ አልፈልግም፤ ፈራሁ። ከዚያ ቤት ሌላ ልሠራበት የምመኘው ቤት አልነበረኝም። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ካልሁ መስመሩም ልክ ነው ማለቴ ነው። አብረን ብንሠራ ኖሮ ጠርሙሶቹ በዓይኔ ሥር ነበሩ። ከእኔ የለያቸው ያ ቀለም ነው።

አደም በር ላይ ጠበቀኝ። «ጽጌ፣ ይቅርታ በይና ይለፍ ልልሽ ነበር፤ ወላሂ አፌ እምቢ አለኝ» አለ። «መስመሩን ሲያሰምር ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ በእኔ በኩል ስለሆነ ነው።»

«አሁን ገባህ?»

«አሁን ገባኝ። ግን ብቻዬን መቅዳት አልችልም።»

እውነቱን ነው። የውጭ ጀርም እንዳይገባ ጠርሙሱን ከከፈቱ በኋላና ከመክደን በፊት አፉን በመብራት ነበልባል ማስነካት ግድ ነው፤ ሐኪም ጋራ ላይ ደግሞ ነፋሱ መብራት አያቆምም። አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ መብራቱን ይይዛል። ከዚያም በላይ ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። ዝናቡ ከቀደመን የኸዲጃ ልጅና ጓደኞቹ ሌላ በጋ ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ።

«እሑድ የእኔ ቀን ናት» አልሁት። «አቶ ወርቁ እሑድን ገና አላሰመራትም።»

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ስመጣ እትዬ ለተማርያም የጠርሙሱን ቅርጫት ተሸክመው አደም አጠገብ ቆመዋል። «የደፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እሸከማለሁ» አሉ። ይመለሱ ብንል አልሰሙንም። ምንጩ ዘንድ እሳቸውና እኔ የቤተ ክርስቲያን ነጠላችንን ግራና ቀኝ ዘርግተን ነፋሱን ጋረድን፤ እኔ በሌላው እጄ መብራቱን ያዝሁ፤ አደም «ቢስሚላህ» ብሎ ቀዳ። ስንመለስ የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋረጥን። ዓሊዪ ባለሱቁ ከደጁ ላይ «ሠርግ ነው ወይስ ንግሥ?» ብሎ ቀለደብን። «ሙግት ነው» አሉት እትዬ ለተማርያም።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ከመስመሩ ወዲህ ተሰልፎ ይጠብቃል። አደም ወዲያ ማዶ መብራቱን ለኩሶ ቆሟል። አቶ ወርቁ መስመሩ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቅርታዬን ሊቀበል ተዘጋጅቷል። እኔ ቅርጫቱን አቅፌ ገባሁ። በየጠርሙሱ ላይ አንድም ፊደል ሳልለውጥ ጽፌበታለሁ፦ «ከሐኪም ጋራ የመጣ።»

ሠራተኛውን አላየሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም። ቀጥ ብዬ ወደ መስመሩ ሄድሁ።

«ቁሚ» አለ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ከማን ጋራ ነው የምታልፊው?»

«ከሐኪም ጋራ» አልሁት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ወደቀ፣ ከጠርሙሱ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከኋላዬ ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። አደም መብራቱን ወደ እኔ ገፋልኝ። እኔም አለፍሁ። እትዬ ለተማርያም ሳህኖቹን ይዘው ተከተሉኝ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

«ጋዋንሽን አውልቂ» አለኝ አቶ ወርቁ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«እሺ፣ አወልቃለሁ» አልሁት የመጀመሪያውን ጠርሙስ እየከፈትሁ። «ሥራዬን ልጨርስና።»

በማግስቱ ሳህኖቹን ስናወጣ የአቦከርን በሽታ በዓይናችን አየነው። ምንጩ ታጥሮ ተከደነ፤ በልግም ገባ። ቀዩን መስመር ማንም አልፋቀውም፤ ሰው ሲረግጠው፣ ሲረግጠው ጠፋ። አቶ ወርቁ አሁንም አንዳንድ ቀን በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ጋዋኔን ያያል።

እኔም ይኸው ሥራዬን አልጨረስሁም።