ሰባተኛው ምዕራፍ አይወጣም

አሳታሚዎቹ ልብ ወለዴን አንብበው «ቤተ ክርስቲያን በዛበት» አሉኝ። የቁምስናችን፣ የአጥቢያችን ማለቴ ነው፣ መጻሕፍት መሸጫ ኃላፊ የሆኑት መነኩሲት ደግሞ አንብበው «ኃጢአት በዛበት» አሉኝ። ሁለቱም ወገን ያነበበው ያንኑ መጽሐፍ ነው። እኔም ደሜ ፈላና በራሴ አሳተምኩት።

ሽፋኑ ላይ «የካቶሊክ ልብ ወለድ» ብዬ በትልቁ አስጻፍኩ። ባለቤቴ «ይህን ያየ ሰው ስብከት መስሎት ይሸሻል» ብሎኝ ነበር። ይሽሻ! የጻፍኩት ስለሚናዘዙ፣ ስለሚዋሹ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ ጎረቤታቸውን ስለሚያሙ ሰዎች ነው። አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ እኔው ነኝ። ሌላ ስም ሰጥቼ በጓሮ በር የማስገባቸው ምን ቆርጦኝ ነው?

ማስተዋወቁ ግን ከመጻፉ ባሰ። ቀን ቀን የምሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ካርድ አወጣለሁ፣ ተራ እጠራለሁ። መጽሐፌን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜዋለሁ፤ መንጋጋውን ይዞ የሚያቃስት ሰው ግን ልብ ወለድ አይገዛም። ከሥራ ስወጣ አንድ አንድ ገጽ በድምፄ እያነበብኩ በስልኬ እለቃለሁ፤ አድማጮቼ ባብዛኛው የባለቤቴ እህቶች ናቸው። አንድ መጻሕፍት ቤት እሺ ብሎ ተቀበለኝና ደስ እያለኝ ልጎበኘው ብሄድ ከጸሎት መጻሕፍት ጋር ደርድሮታል። አንዲት ሴትዮ ለልጇ የመጀመሪያ ቁርባን ስጦታ ገዝታው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ደውላ ያወረደችብኝን ውርጅብኝ አልረሳውም።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቼ እቆማለሁ። ባለቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ጩኸት ለምዷል፤ እሱ ይጣራል፣ እኔ እፈርማለሁ።

ጉዱ የፈላው በሰባተኛው ምዕራፍ ነው። በምዕራፉ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለች አማቷን የምታስታምም ሴት ኑዛዜ ትገባለች። አሮጊቷ ስትጣራ ላለመስማት ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግ እንደነበር ለካህኑ ትነግረዋለች። አንድ ቀን ሬዲዮኑን ስትቀንሰው ቤቱ ጭር ብሏል። ይህን ተናግራ፣ ካህኑ አፉን ሳይከፍት፣ ሥርየትም ሳትቀበል ተነሥታ ትሮጣለች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

የሴቶች ማኅበሩን የሚመሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ሰብሳቢ» የምንላቸው ሴት መጽሐፉን ከእኔው እጅ አስፈርመው ወሰዱ። በሳምንቱ ሰላምታ ነሱኝ። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ጆሮዬ ደረሰ፦ የቁምስናው ካህን አባ የሰው ኑዛዜ አውጥተው ለደራሲዋ ነግረዋታል።

ለሌላው ሰው ይህ ተራ ሐሜት ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ኑዛዜ የሰማ ካህን ቢገድሉት እንኳ አይናገርም፤ ከተናገረ ይወገዛል፣ የኖረበት ክህነት ገደል ገባ ማለት ነው። ደግሞ ሐሜቱን ማስተባበል እንኳ እንደ ሌላ ሰው አይሆንለትም፤ «እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ነበር?» ቢሉት አዎም አይደለምም ማለት አይችልም። ከቅዳሴ በኋላ መናዘዣው ፊት የሚቆመው ሰልፍ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ። ከጠረጴዛዬ ሆኜ በተከፈተው በር አያለሁ፦ አባ ባዶው መናዘዣ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው መቁጠሪያ ይደግማሉ።

እኔ ያን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። ፈጠርኩት። ደራሲ ነኝ እኮ! ይህን ስናገር ግን ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን እያባበለ ይሰማኛል። ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ የምታወጣ ሴት ይህን ከራሷ ልታወጣ አትችልም፤ አንድ ሰው ሹክ ብሏታል፤ ነው ነገሩ። ስለ አባ ማዘኔ እንዳለ ሆኖ ይህም ከነከነኝ፣ አልዋሽም።

የቁምስናው ምክር ቤት ጸሐፊ ደወለልኝ። ሰባተኛውን ምዕራፍ አውጥቼ መጽሐፉን እንደገና እንዳሳትም፣ በመጪው እሑድም አዳራሽ ውስጥ ይቅርታ እንድጠይቅ ተወስኗል። እንቢ ካልኩ የአባ ጉዳይ ለጳጳሱ ይቀርባል።

«አንድ ምዕራፍ ነው» አለ ባለቤቴ ያን ቀን። «ሠላሳ ምዕራፍ አለሽ አይደል? ቁረጪውና ገላግይን።»

«ከቆረጥኩት አባ ነግረውኛል ብዬ መመስከሬ እኮ ነው።»

«ካልቆረጥሽውስ?»

«ካልቆረጥኩት መጽሐፌ ሙሉ ሆነ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ስለ መጽሐፉ አይደለም፣ አንቺ ሴት። ስለ እሳቸው ነው።»

ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ገባሁና ንጹሑንም ቆሻሻውንም አጠብኩት።

በማግስቱ አባ ሐኪም ቤት መጡ። ለእኔ ብለው አይደለም፤ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸው ሊዘጋ ደርሷል። ካርዳቸውን እየፈለግኩ አላስቻለኝም።

«አባ፣ ምነው አንድ ነገር ቢናገሩ! አልነገርኳትም ይበሏቸው እንጂ!»

«ብያለሁ። ማን ሰማኝ?»

«እንግዲያው እንዲህ ያለች ሴት ለኑዛዜ መጥታ አታውቅም ይበሉ።»

«እሱን አልልም።»

«ባትመጣም?»

«ባትመጣም። ዛሬ አልመጣችም ካልኩ፣ ነገ ሌላ ነገር ሲጠይቁኝና ዝም ስል መጥታለች ማለት ይሆናል።» ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት። «ያን ጊዜ ማን ደፍሮ ይመጣል?»

«ታዲያ ምዕራፉን ላውጣው?»

«ልጄ፣ እኔ ልብ ወለድ አልጽፍም። መጥፎ ሆኖ ካገኘሽው አውጪው። ለእኔ ብለሽ ግን እንዳታወጪ።» ከዚያ ወደ ውስጠኛው በር አዩ። «ይልቅ ተራዬ መቼ ነው? ይህ ጥርስ ሊገድለኝ ነው።»

የሌሎቹን ተራ አሳልፌ አስገባኋቸው። ሰው አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። ልቤ የቆረጠው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ለቅዳሴ ድርሽ የማይለው ሁሉ ለዚህ መጥቷል። አባ አልነበሩም፤ የሚመጣ ባይኖርም እንደ ልማዳቸው መናዘዣው ውስጥ ተቀምጠዋል። እትዬ ሰብሳቢ ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለዋል። ጸሐፊው «እኅታችን ይቅርታ ትጠይቃለች» ብሎ ድምፅ ማጉያውን አቀበለኝ።

«አልጠይቅም» አልኩ። «መጀመሪያ አነባለሁ። ግማሻችሁ ሳታነቡት ነው የፈረዳችሁት።»

ጸሐፊው ድምፅ ማጉያውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ባለቤቴ ከኋላ «ተዋት ታንብብ!» ብሎ በአውቶቡሱ ድምፅ ጮኸ። ሰባተኛውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሴትየዋ ሬዲዮኑን ከፍ የምታደርግበት ላይ ስደርስ ጸሐፊው እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

«ከማን ሰማሽው?» አለ ጸሐፊው ስጨርስ።

«ከማንም። ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ደክሞኝ ቢሆን፣ ቀንም ሌሊትም ስሜ እየተጠራ ቢሆን ምን አደርግ ነበር አልኩ። ክፉ ሴት መሆን አላስፈለገኝም፤ የደከመች ሴት መሆን በቃኝ። ይህን ለማወቅ የሰው ኑዛዜ መስረቅ ያስፈልጋል የሚል ካለ እሱ ወይ አስታሞ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል።»

አሁን ተዋረድኩ ብዬ መጽሐፌን አጥፌ ልወጣ ስል፣ ከግድግዳው በኩል የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ተነሣ። ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ከመዝሙር በቀር ድምፁን የሰማው የለም።

«እኔ ሬዲዮ አልነበረኝም» አለ። «አባቴ ሲጣራ ኪቦርድ ነበር የምለማመደው። እንዳልሰማው ድምፁን ከፍ አድርጌ። እንዲህ ጎበዝ የሆንኩት ያኔ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ አፋቸው ላይ ቀረ።

«ለአባ ደግሞ ተናግሬ አላውቅም» ብሎ ጨመረ። «ስለዚህ የእኔን ከእሳቸው አልሰማችም።»

ተቀመጠ። አንዲት እናት መሐረብ አውጥታ ዓይኗን ጠረገች፤ አጠገቧ ያለው ባሏ እጇን ያዘ። ወሬውን ቤት ለቤት ሲያዳርሱ የከረሙት ሴቶች ጫማቸውን ማየት ያዙ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ ለጳጳሱ የሚቀርብ ነገር ያለ አይመስለኝም» አለና፣ ማንም ሳያዘው ወንበር መሰብሰብ ጀመረ። እትዬ ሰብሳቢ ብቻ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ይጣራል። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ሰብሳቢ መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ። ለሳምንታት ስስለው የከረምኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱንም ሳላባክን ልለቀው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ከአባ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

መጽሐፉን አገላበጡት። ጠርዙ አድፎ የተነበበው እስከ ሩቡ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴትዮዋ ሮጣ ከወጣች በኋላ» አሉ፣ «ተመለሰች ወይ?»

«ስምንተኛውን አላነበቡትም?»

«አላስቻለኝም።»

ስድቡን ሁሉ ረሳሁት። እኚህ ሴት ወር ሙሉ አባን ሲወነጅሉ የኖሩት ሥርየቱ ያለበትን ገጽ ሳይገልጡ ነው። መጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የባለቤቴ እህቶች እንኳ ለምነው አልሆነላቸውም።

«ተመለሰች፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ቆይታ?»

«በጣም ቆይታ።»

«ካህኑስ ምን አላት?»

«እሱን ከእኔ አይስሙ። አባ አሁንም ከመናዘዣው አልወጡም።»

ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ቢሆንም ያንን ምዕራፍ ማውጣት ነበረብሽ» አሉ።

«አላወጣውም።»

«እልኸኛ!»

«ነኝ።»

ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ወተፉና ማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ደረጃው ላይ ቆመው እያዩዋቸው ወደ ውስጥ ገቡ። በመሐከለኛው መተላለፊያ፣ ወደ ጎን ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ መናዘዣው ሄዱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መናዘዣውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ደረጃው ላይ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ጭራሽ ወደ በሩ ጠጋ አለች። ባለቤቴ እንኳ መጣራቱን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። «ዙር! ሥራህን ሥራ!»

እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ስለዚህ እኔው ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ከውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ወደነዚያ ሴቶች እንዳትደርስ፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ወደ መንገዱ ጮህኩ፦

«የካቶሊክ ልብ ወለድ! ሠላሳውም ምዕራፍ አለ!»