ግራውንድ ወይም ሞት

ነቀምት ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሞልቷል፤ የኸይሪያ ሱቅ ግን ጨርቅ ብቻ የሚሸጥበት ቤት አልነበረም። በገበያ ቀን ከኡኬና ከአካባቢው የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ ጎራ የሚሉት ወደ እሷ ነው። ቅቤያቸውን፣ ዶሯቸውን፣ እህላቸውን ከመደርደሪያዋ ሥር ያስቀምጡና «ኸይሪያ፣ አደራ» ብለው ገበያቸውን ይዞራሉ። ሲመለሱ ዕቃቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ዕቃውን አንዱ ዘንድ አስቀምጦ ከሌላው መግዛት ደግሞ ነውር ነው። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት ሱቅ ማስታወቂያ ሳያውቅ የኖረው በዚሁ አደራ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሱቅ የሚያስፈርስ ነገር መጣ። የድሮው መደዳ ለመንገድ ይነሳል፤ ነጋዴው በአክሲዮን ተሰብስቦ ከከተማው ዳር ትልቅ የገበያ ማዕከል ይሠራል ተባለ። ማዕከሉ ሲታሰብ ባለ አንድ ፎቅ ነበር። መሠረቱ ሳይደርቅ ሁለት ሆነ። ከዚያ አንድ መሐንዲስ የሚያምር ሥዕል አምጥቶ አሳየና ሦስት ሆነ። ሦስተኛው ሲያልቅ ደግሞ በጎኑ ሌላ ክንፍ ካልተቀጠለ ከተማው ይሰድበናል ተባለ። ሕንፃው የሰነፍ ቤት ልጅ ይመስል ቁመት ይጨምራል እንጂ ሥራ አይጀምርም። ነጋዴው በበኩሉ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ክረምቱን እየተቀበለ ይሸኛል።

ለኸይሪያ ፎቁ ቢፈልግ ሰማይ ይንካ። የእሷ ጭንቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ግራውንድ ላይ ሱቅ ማግኘት። ቅቤ የተሸከመች ሴት ደረጃ አትወጣም። የኪራሙና የጊዳ አያና ደንበኞቿ መንገዱ ከታወከ ወዲህ መምጣት አቁመዋል፤ የተረፏት እነዚሁ የቅርቦቹ ናቸው። እነሱም ከሄዱ ሱቁም ሄደ ማለት ነው።

ሕንፃው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ግን ግራውንዱ ከእሷ ይሸሻል። ፊት ለፊቱ ለባንክ ተሰጠ። ማዕዘኑ ለካፌ። መሐሉ ለሊፍት ተብሎ ተቆፈረ፤ ሊፍቱ ዛሬም የለም፣ ጉድጓዱ አለ። እሷን አንዴ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዴ መጸዳጃው አጠገብ እያሉ አዞሯት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ኢዶሳ ዘንድ ደጅ ስትጠና ጫማዋ አለቀ።

«እህቴ፣ የዘመኑ ሰው ፎቅ ይወዳል» ይላታል፣ ሥዕሉን በጣቱ እየነካካ።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ የእኔ ደንበኛ ሸክም አለበት።»

«ይለመዳል።»

«ጉልበት ይለመዳል እንዴ?»

በየስብሰባው ተነሥታ ይህንኑ ስለምትደግመው ነጋዴው «ግራውንድ ወይም ሞት» ብሎ ስም አወጣላት። ሲጠሯት ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የሚቀጥለው ስብሰባ ስንት ቀን እንደቀረው ትቆጥራለች።

በመጨረሻው ጉባኤ ዕለት ኦቦ ኢዶሳ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ግራውንድ ላይ የተረፉት ሱቆች በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ ነገር ግን መተዳደሪያ ደንቡ ሳይጸድቅ ዕጣ አይወጣም አለ። ከዚያ ደንቡን ማንበብ ጀመረ። አነበበ፣ አነበበ፤ ጭንቅላት ሁሉ ወደ ደረት አዘነበለ። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሴራሚኩ፣ በዋናው በር ስለሚገባና ስለማይገባ ነገር ብዙ አለ። ኸይሪያ ጆሮዋ እዚያ ነበር፣ ልቧ ግን የዕጣው ባልዲ ውስጥ። «የሚደግፍ?» ሲባል ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች፤ ሌላውም ተከተላት። ዕጣው ወጣ። ለኸይሪያ ግራውንድ! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እሷም አለቀሰች።

ማዕከሉ በተከፈተ የመጀመሪያው የገበያ ቀን ጨርቋን ደርድራ፣ የመደርደሪያውን ሥር ለአደራ ባዶ ትታ ጠበቀች። ረፋዱ አለፈ። ካፌው ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ስልክ ይነካካሉ፤ ከገጠር የመጣ ሰው ግን ለመድኃኒት የለም። ምን ነካቸው ብላ ወደ ዋናው በር ወጣች።

በሩ ላይ ወርቂቱ ቆመዋል፣ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆኑት የኡኬዋ ባልቴት። በጀርባቸው በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አዝለዋል፤ በእጃቸው አንዲት ዶሮ አንጠልጥለዋል። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቷል።

«አዮ ወርቂቱ! አካም ጂርቱ?» አለች ኸይሪያ፤ እናቴ፣ ደህና ኖት? ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ነጋ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አላሳልፍ አለኝ።»

«እሳቸው ይግቡ» አለ ጥበቃው፣ «ቅቤውና ዶሮው ግን በደንቡ አይገባም።»

«ቅቤዬን ለማን ልተወው? ላንተ?» አሉ ወርቂቱ። «አላውቅህም።»

«እንግዳዬ ናቸው፣ አሳልፋቸው!» አለች ኸይሪያ። «የማን ደንብ ነው ደግሞ?»

«የእናንተው ነዋ፣ እህቴ። ጥሬ ዕቃ፣ የቁም እንስሳ፣ ሸክም በዚህ በር አይገባም። ከጠዋት ጀምሮ ስንቷን መለስኩ! እኔ የታዘዝኩትን ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው አሉኝ።»

ለኸይሪያ የኦቦ ኢዶሳ ንባብ አሁን ቃል በቃል መጣላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ግራውንዱን ያን ሁሉ ጊዜ የታገለችለት ለእነዚህ ሴቶች ነው፤ የዘጋችባቸውም እሷው ናት። ኢዶሳ ላይ እንዳትጮህ እጅ ያወጣችው ራሷ፤ ጥበቃውን እንዳትሰድብ ሰውየው እውነቱን ነው። ንዴቷ የሚያርፍበት ሰው አጣ።

«ሂጂ ንገሪያቸው» አሉ ወርቂቱ፣ ዶሮዋን ወደ ሌላው እጃቸው እያዛወሩ። «አንቺን ይሰሙሻል። ይህን ክፉ ደንብ ያወጣውን ሰው አሳፍሪው።»

«እኔ ነኝ፣ አዮ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። እጄን አውጥቼ፣ ከሁሉ ቀድሜ።»

ወርቂቱ ፊቷን ትክ ብለው አዩና ሳቁ። «አንቺ? የአባትሽ ልጅ? አታደርጊውም!» ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት። «ሰው ተናዶ ራሱን ይሰድባል። እኔ አውቅሻለሁ። ወደ ከተማ ተመልሼ እዚያ አደራ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ አንቺ አትዘኚ።»

ቅቤያቸውን በጀርባቸው ከፍ አድርገው አስተካከሉና ወደ ባጃጆቹ ተራመዱ። ኸይሪያ «እውነቴን ነው!» ብላ ጠራቻቸው። ወርቂቱ ሳይዞሩ፣ እየሳቁ እጃቸውን አወዛወዙላት።