የሚሟሟ ወረቀት

ኦፓል አራት የማርማላታ ብልቃጦች በተጎታች ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። እስከ ወገባቸው ውሃ ሞላቻቸውና በእያንዳንዳቸው የተለያየ ሶፍት፣ አራት አራት ቅጠል ከተተች። ክዳኖቹን ያጠበቀው ባሏ ነው። ሄርሼል ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ሰው ስለሆነ፣ በሰባ ስድስት ዓመቱም እጁ ክዳን ማጥበቅ አልረሳም።

«እስከ አስር ቁጠሪና ናጪ» አላት። «ከዚያ በላይ ሽንት ቤቱን የሚንጥ ሰው የለም።»

ይህን ቀልድ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰምታዋለች። ብርዱን ሸሽቶ ወደዚህ የአሪዞና በረሃ የሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ ብልቃጥ መናጥን የተማረው ከሄርሼል ነበር። የማይሟሟ ሶፍት ከተጎታቹ ሥር ያለውን የፍሳሽ ቋት ይደፍናል።

የእነሱ ቋት ዘንድሮ ሲደፈን ይኼ ሦስተኛው ነው።

ለገና የመጣችው ልጃቸው ጆሊን፣ አባቷ ከሰፈሩ የጋራ መታጠቢያ ቤት ሲመለስ መንገድ ጠፍቶት የሰው በር ሲያንኳኳ አገኘችው። በማግስቱ እናቷን ለብቻዋ ይዛ፣ «አባባ ይኼን ቤት በራሱ እጅ ማስተዳደር እስከቻለ ምንም አልልም» አለቻት። «ያቃተው ቀን ግን እሱ ተልሳ ከተማ ያለው የመርሳት ሕሙማን ቤት ይገባል፣ አንቺ እኔ ጋ። ሁለታችሁን አብረው አይቀበሉም፤ ጠይቄያለሁ።» ኦፓልም እሺ አለች። እሺ ያለችው ሄርሼል ከቤቱ ውጪ ያለውን ሥራ አንድም ቀን አጓድሎ ስለማያውቅ ነው። ከበሩ ወዲህ ያለው የሷ፣ ከበሩ ወዲያ ያለው የሱ፤ ውሃው፣ ጋዙ፣ ጎማው፣ ቋቱ። እሷ የቋቱን መክፈቻ እጀታ ነክታ አታውቅም፤ እሱም ምድጃዋን።

ጆሊን ቅዳሜ ትመጣለች።

ስለዚህ ወረቀቱ ይሁን። ኦፓል የመጀመሪያውን ብልቃጥ አንስታ ስትንጥ በልቧ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ ጥፋቱ የወረቀቱ ይሁን።

ለሙከራ የገዛችው ወፍራሙ፣ አበባ የታተመበት፣ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ ቀረ። ሁለተኛው ተቦጫጨቀ። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው እነሱ ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት ስስ ሶፍት ነው። ገና አምስት ሳትቆጥር ውሃው እንደ ወተት ነጣ፤ ቅጠል የሚባል ነገር አልቀረም።

«አየሽልኝ!» አለ ሄርሼል ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ከሁሉም የኛው በለጠ!»

ኦፓል ብልቃጡን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ከውጪ የጎረቤታቸው የድዌይን ድምፅ ተሰማ። የተደፈነውን ቋት ሊከፍትላቸው ረጅም የሽቦ ዘንግ ይዞ መጥቶ ነበር። «ኦፓል፣ አንዴ ብቅ በይ እስቲ። ብቻሽን።»

ከቤቱ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ጥቁሩን እጀታ አሳያት፤ እስከ መጨረሻው ተስቦ ወጥቷል።

«ክፍት ነው» አላት። «ክፍት ከዋለ ውሃው ብቻ ይፈስና ወረቀቱና ሌላው እዚያው እንደ ጭቃ ይደርቃል። እስኪሞላ ዘግተሽ ነው በአንዴ የምትለቂው። ይኼን የሚሳሳት ትናንት ተጎታች የገዛ ሰው ነው።»

«ዛሬ ብቻ ረስቶት ይሆናል።»

ድዌይን ጉልበቱን አራገፈ። «ሳምንቱን ሙሉ እንደዚህ ነው ያለው። የሆነ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ዝም አልኩ። ሄርሼል እኮ ነው።»

ኦፓል እጀታውን ገፋችው። ካሰበችው በላይ ጠንካራ ነበር፤ በሁለት እጇ ገፍታ ዘጋችው። ይህን ጊዜ ሄርሼል ከበስተኋላቸው መጣና ጎንበስ ብሎ መልሶ ሳበው።

«ማን ነው የዘጋው? ሊሞላ ነው እኮ!»

«አንተ ሽማግሌ» አለ ድዌይን እየሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። «ክፍት እንዳታውሉ እያልክ ጆሯችንን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ?» ሄርሼል ከልቡ ተገረመ። «እንደዚያ ያለህ ሰው ስለ ቧንቧ ምንም አያውቅም።»

እጁን ጠራርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

ድዌይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እዘጋዋለሁ» አለ። «ለጆሊን ማን ይነግራታል? አንቺ አትነግሪያት፣ እኔ አልነግራት።»

ኦፓል አሰበችበት። ጠዋት ጠዋት። ሄርሼል ቁርሱን ሲበላ። ይቻላል፤ ለአንድ ወር፣ ምናልባትም ለሁለት።

«ጋዙንስ?» አለች።

ድዌይን ቀና ብሎ ከቤቱ ፊት ወዳሉት ሁለት የጋዝ ሲሊንደሮች አየ።

ኦፓል ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ስልኳን አወጣች። ጆሊን ስታነሳ፣ «ቅዳሜ ትልቁን መኪናሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። «ቤቱን መጎተት የሚችለውን።»

«እማ...»

«አሁን ምንም አትበይኝ። ከተናገርሽ ሐሳቤን እቀይራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ገበያ ሄዱ። ሄርሼል ሶፍቱ የተደረደረበት ጋ ሲደርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየዳሰሰ መረጠ፤ ወፍራሞቹን እንደ ታዘባቸው ሰው እያያቸው አለፈ። ስሱን አገኘ። አንድ ጥቅል ጋሪው ውስጥ ጣለ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት።

«ወደ ሰሜን ወጥተን ሞንታና እስክንገባ ይበቃናል» አላት። «ሰኔን ሐይቁ ዳር ነን። እዚያ ጥሩ ሶፍት አይገኝም።»

ኦፓል ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሰች። አንዱን አስቀረች።

«ምን ነካሽ አንቺ? አንድ ለመቼ ይሆናል?»

«እስከ ቅዳሜ» አለችው።

ሄርሼል ቀልድ መሰለው። በአጠገባቸው የምታልፍ ሴት ዞር ብላ እስክታይ ድረስ ሳቀ፤ እየሳቀም የኦፓልን ክንድ ያዘና ከእሷ ጋር ጋሪውን ወደ ሒሳብ መክፈያው ገፋ።