የ«ሦስተኛው ቁና» ገዳይ

«ገዳዩ ባለወፍጮው ነው አሉ።»

እመት እቴነሽ ይህን ያላሉበት ደጃፍ ደብረ ታቦር ውስጥ አልቀረም። በርበሬ ሲሰፍሩ አሉት፤ ከቅዳሴ ወጥተው ጫማቸውን ሲያጠልቁ አሉት፤ ገሳይ ለልቅሶ ሄደው ለቀስተኛው እንባውን ሳይጠርግ አሉት። ከገሳይ ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ከእርሳቸው ቀድሞ ተመለሰ። ፊልሙ ግን ገና አልታየም።

ጸዳለን ያንገበገባት ወሬ መወራቱ አልነበረም። እውነት መሆኑ ነው።

«ሦስተኛው ቁና» የእርሷ ፊልም ነው። ድርሰቱን የጻፈችው እርሷ፣ ያዘጋጀችው እርሷ፣ ተዋናዮቹን «ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርስ» እያለች እንደ በሬ የነዳችውም እርሷ። ያስተማራት ሰው የለም፤ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች፣ ያልገባትን እየመለሰች የተማረች ናት። «ፊልም የት ተማርሽ?» ለሚላት «ካንተ ርቄ» ትላለች። ታሪኩ ይህ ነው፤ አንድ እህል ነጋዴ ከወፍጮ ቤት ጓሮ ተገድሎ ይገኛል፣ መርማሪ ፖሊስ አገሩን ሁሉ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻው አሥራ ሁለት ደቂቃ ገዳዩ ባለወፍጮው ሆኖ ይወጣል። ሟቹን ሙላቴ፣ መርማሪውን ምትኩ፣ ባለወፍጮውን ደግሞ እውነተኛው ባለወፍጮ ጋሽ ዋልልኝ ይጫወታሉ። ጋሽ ዋልልኝን የመረጠቻቸው ለችሎታቸው ሳይሆን ወፍጮ ቤቱን እንዲለቁላት ነው።

ያንን መጨረሻ ከእርሷ ሌላ የሚያውቁት ሦስቱ ተዋናዮችና ካሜራ የያዘው ምሕረትአብ ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ፊቷ ቆመው «አላወራንም» ብለው ማሉ። ምሕረትአብ ግን «እኔን? እኔን ነው የምታስምይኝ?» ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ኩሩ ከኩሩ ሲጣላ አስታራቂ አይገኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም።

በዚህ ላይ ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ባለቤት ጋሼ ሀብተማርያም ቃላቸውን አስቀድመው ተናግረዋል። «ስሚኝ ልጄ፤ እዚህ የታየ ፊልም ሁሉ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሰዉ ተነሥቶ ወደ ኳስ ቤቱ ይፈሳል። ለአንቺ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠልሽ የሚመጡትን ቅዳሜዎች ውሰጃቸው። ከወጣ ግን አዳራሹ ለሠርግ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ገዳዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምን ሊያይ ይቀመጣል? ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጸዳለ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ቆርጣ አጠፋች። ለክፉ ቀን እንኳ አላስቀረችም። አሁን ፊልሙ የሚያበቃው መርማሪው የወፍጮ ቤቱን በር ሲገፋ ነው፤ በሩ ሲጥ ይላል፣ ይጨልማል፣ አለቀ።

«አሁን እመት እቴነሽ እንደፈለጉ ያውሩ» አለች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የእኛ አገር ተመልካች ፊልም ዝም ብሎ አያይም፤ ያነጋግረዋል። ሟቹ ተዘርግቶ ሳለ አፍንጫው ላይ ዝንብ አረፈች። «ኧረ እሽ በላት» አለው አንዱ። ሙላቴም የተጠራ ይመስል አፍንጫውን ነፋ አድርጎ አባረራት።

«ደሙ ድልህ ነው» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት።

«ድልህማ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል» አለቻት ጎረቤቷ።

«የፖሊሱ መኪና ያችው የሟቹ መኪና አይደለችም እንዴ?»

«ወርሷት ይሆናላ።»

ተኩሱ መሀል የቤተ ክርስቲያን ደወል ገብቶ ግማሹ ሰው አማተበ። ጸዳለ ከኋላ ሆና ጥርሷን ነከሰች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለፊልምም ኖሯል።

በሩ ሲጥ አለ፤ ጨለመ። ጋሼ ሀብተማርያም መብራቱን አበሩ።

«እና?» አለ አንድ ሰው።

«አለቀ» አሉ ጋሼ ሀብተማርያም።

«ማን ገደለው ታዲያ?»

ኳሱ ሊጀመር ስለሆነ ከኋላ ያሉት ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ በሩ ተነሡ። ጸዳለ ቅዳሜዎቿ አንድ በአንድ ሲወጡ የምታይ መሰላት።

ይኼኔ ከፊት ረድፍ አያ አያሌው ብድግ አሉ። ሰማንያን የዘለሉ የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ ፊልም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በከዘራቸው ወለሉን ሁለቴ መቱ።

«ተቀመጡ። ነፍስ ጠፍቷል። ገዳይ ሳይወጣ ወዴት ነው የሚኬደው?»

«አያ፣ ፊልም እኮ ነው» አላቸው በሩ ጋ የደረሰ ጎልማሳ።

«ሲሞት አይተሃል አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ምስክር ነህ። ተቀመጥ።»

ጎልማሳው ተቀመጠ። አያ አያሌው የጠሩት አውጫጭኝ ነው። በእርሳቸው ዘመን ሰው ሲገደል አገር ምድሩ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር። ያየ ያየውን ይናገራል። መታወቅ የፈራ ደግሞ በሌላ አፍ ይናገራል፤ ተናጋሪው «ወፍ ነገረችኝ» ካለ የወፏ ስም አይጠየቅም። ጋሼ ሀብተማርያም በሩን በመወርወሪያው ዘጉት፤ እርሳቸውም ለካ ገዳዩን ማወቅ አምሯቸው ኖሯል።

መጀመሪያ የተነሡት፣ ማን ይቀድማቸዋል፣ እመት እቴነሽ ናቸው።

«ገዳዩ ባለወፍጮው ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ወፍ።»

ጸዳለ ምሕረትአብን አየችው። ምሕረትአብ ጣሪያውን አየ።

«የወፍ ቃል ተሰምቷል» አሉ አያ አያሌው። «ባለወፍጮው ምን ይላል?»

በድርሰቱ ገዳይ የነበሩት ጋሽ ዋልልኝ ተነሥተው ድምፃቸው እስኪሰበር ካዱ። «እኔ ጤፍ እንጂ ሰው ፈጭቼ አላውቅም፤ የልጆች አባት ነኝ» አሉ። ጸዳለ ሁለት ወር ስትቀርጻቸው አንዲት ቀን እንኳ እንዲህ አልተወኑላትም።

«ያየ አለ?» አሉ አያ አያሌው ወደ ሕዝቡ ዞረው።

«ሹራቡስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ዓለሚቱ። «መርማሪው በሟቹ በር አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ገባ። ውስጥ ሲታይ ቡናማ ለብሷል። ክሩን አይቼዋለሁ፣ ሌላ ነው። አረንጓዴው ምን ነክቶት ነው የቀየረው?»

አንገት ሁሉ ወደ ምትኩ ዞረ።

«ሰዓቱም ከግራ እጁ ወደ ቀኝ ዞሯል» አለ ሌላው።

«ትግል ላይ ወልቆበት ነዋ።»

«የሟቹንስ መኪና ማን ነው ይዞ የሚዞረው? እኔ ገና ቅድም ብዬ ነበር።»

ምትኩ መሀል ተቀምጦ ላቡን ጠረገ። አስነሡት።

«ሹራብህን ለምን ቀየርህ?» አሉት አያ አያሌው።

«እናቴ አጥባው ነው፣ አያ። ያን ቀን አልደረቀም ነበር።»

«ምን ነክቶት አጠበችው?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አያ አያሌው ግን አልሳቁም፤ «ፈላጊው ራሱ ገዳዩ ሲሆን ማን ይጠረጥራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ። «የፊልሙ ባለቤት የት አለች? ልጄ፣ ልክ ነን?»

ሁሉም ዞሮ አያት። ጸዳለ በልቧ ቆጠረች፤ ሹራቡ፣ ሰዓቱ፣ መኪናው። ሁሉም የእርሷ ስሕተቶች ናቸው፤ አሁን ግን አንዱ ሌላውን ይዞ ቆሟል፣ ቀዳዳ የለውም። እርሷ ሦስት ወር ያሰበችበት መጨረሻ ይህን ያህል አልተገጣጠመላትም ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ልክ ናችሁ» አለች። «ይህን ያህል መቆየታችሁ ግን ገርሞኛል።»

በሩ ሲከፈት ኳሱ አልቆ ሰዉ ከዚያኛው ቤት እየወጣ ነበር። ጋሼ ሀብተማርያም ሦስት ቅዳሜ ሰጧት። በሁለተኛው ቅዳሜ ያዩት ሊደግሙ፣ ያላዩት ሹራቡን ሊያዩ መጡ። በሦስተኛው ከአንበሳሜ የመጣ ሰው ፊልሙን ለገበያ ቀን ይዛላቸው እንድትመጣ ጠየቃት። የምትኩ እናት አረንጓዴውን ሹራብ ለዘመድ ሰጡት። ምሕረትአብ ካሜራውን ጠቅልሎ ባሕር ዳር ሠርግ ሊቀርጽ ወረደ፤ ሲሄድም አልተሰናበታትም።

እርሱ በሄደ በሳምንቱ ጸዳለ በርበሬ ልትገዛ እመት እቴነሽ ዘንድ ቆመች።

«እመት እቴነሽ፣ እንግዲህ አልፏል፤ ይንገሩኝ። ያች ወፍ ምሕረትአብ ነበር አይደል?»

እመት እቴነሽ በርበሬውን መስፈራቸውን አላቋረጡም።

«ምሕረትአብ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ። «የምን ወፍ አመጣሽብኝ። ዋልልኝ ጤፌን ሲያጎድልብኝ ሃያ ዓመቱ ነው። ሰው የሚገደልበት ፊልም ሊሠራ ነው ሲሉኝ፣ ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ነው አልሁ።»