በሴቶቹ ወገን ያለው ድንጋይ

ደክሞኛል። ሞንታና ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ተማሪ እያስከተለ ኮረብታ ለኮረብታ የዞረ የጂኦሎጂ መምህር ቢደክመው ምን ይገርማል! የዘንድሮው ጉዞ የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችልም አውቅ ነበር። የኮሌጃችን ዲን ሎርና ፕሩት ከእኔ ካርታ የተሠራ የኮምፒውተር ትምህርት ገዝታለች፤ ተማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በየዓመቱ የምንጎበኘውን ገደል ያያል። ጉዞውን የሚያስቀረው ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ከመፈረሟ በፊት ግን በዓይኗ አይታ ልትወስን አብራን መጣች።

"እንግዲህ አርኔ፣ አንድ ነገር አሳየኝ" አለችኝ ከመኪናው ስትወርድ። "ወንበር ላይ ሆነው የማያገኙትን።"

ምን ላሳያት? በየዓመቱ የምለውን አልኩ። ተማሪዎቹን ገደሉ ሥር ሰብስቤ፣ "ከታች ያለው የድንጋይ ንብርብር መጀመሪያ የተቀመጠው ነው። ከላይ ያለው ታናሹ ነው። ጻፉ" አልኳቸው። ጻፉ። አንዱ አዛጋ። ሎርና ሰዓቷን አየች። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ ሰልችቶኝ ነበር።

ከዚያ ለዕረፍት ለቀቅኳቸው። እዚያ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። ልማዳችን ሴቶች ከገደሉ በስተግራ፣ ወንዶች በስተቀኝ ነው።

የከብት አርቢ ልጅ የሆነችው ትሬሳ ኮልስታድ ቀበቶዋን እያጠበቀች ከግራ በኩል በሩጫ መጣች።

"ፕሮፌሰር! ተገልብጧል!"

"ምኑ?"

"ገደሉ ነዋ!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። "ኧረ ፀሐይ መታት! ውሃ ስጧት!" አለ ኦሪን የሚባለው ቀልደኛ።

"አንተ ዝም በል! እኛ ቤት ኩሬው ሲደርቅ ጭቃው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። እዚያ ድንጋዩ ውስጥ ያው የጭቃ ስንጥቅ አለ። ጠባቡ ግን ወደ ላይ ነው!"

ክው አልኩ። ተከትያት ሄጄ ተንበረከክሁና ስንጥቁን በጣቴ ዳሰስኩት። ልክ ናት። ተራሮቹ ሲነሱ ገደሉን እንዳለ ገልብጠውታል፤ ታች ያለው ነው ታናሹ።

ሎርና ከኋላዬ ደረሰች። "ምን ተገኘ?"

እንደ ሰው ፈራሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ስህተት ያስተማረ ሰው የሚመራውን ጉዞ ማን ያስቀጥላል? የማይረባ ስንጥቅ ነው ብል ትሬሳም ዝም ትላለች። ልጅቷ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ። "ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።"

"እንዴት ሳታየው?"

"በሴቶቹ ወገን ነዋ! እኔ እዚህ ምን ላደርግ እመጣለሁ?"

ሎርና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። "ኮምፒውተሩስ ምን ይላል?"

"እኔ ያልኩትን።"

"ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ፊት ስንት ዓመት ቢቀመጡ አያገኙትም ማለት ነው።"

"ከየት ያገኙታል?"

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አራት ቦታ ቀደደችው። "ለከርሞም ትመጣላችሁ" ብላ ወደ መኪናው ወረደች።

ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ትሬሳ፣ ከአንቺ በፊት ስንት ሴቶች እዚህ መጥተዋል። እንዴት አንዷ እንኳ አላየችም?"

"አይተው ይሆናላ።" መሬት መሬት አየች። "እርስዎ መልሱን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል?"

አፈርኩ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ቀጣዩ ገደል ሥር ስንደርስ ደብተራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት።

"ሂዱና እዩት። ከዚያ እናንተ ንገሩኝ" አልኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ቀስ በቀስ ተበታተኑ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ፤ ኮረብታ ከመውጣት ይልቅ ዝምታው አደከመኝ።